የስልክ ዕድሜ ከተገዛበት ቀን አይቆጠርም

በደብረ ብርሃን ወይም በሸዋ ሮቢት ገበያ ከነካርቶኑ፣ ላስቲኩ ሳይነሳ የተገዛ ስማርት ስልክ ለገዢው አዲስ ነው። ለሠራው ኩባንያ ግን አሮጌ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ አምራቾች የሶፍትዌር ድጋፍን የሚቆጥሩት ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የ4 ዓመት ድጋፍ የተገባለት ሞዴል 3 ዓመት በዱባይና በአዲስ አበባ መጋዘን ዞሮ ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ገዢው የሚያገኘው የ1 ዓመት ቅሪት ነው። ያገለገለ ስልክ የገዛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅሪቱም አይደርሰውም። ሻጭ ስለ ራም፣ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ሚሊአምፒር አጥብቆ ይናገራል፤ ሞዴሉ መቼ እንደወጣና ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቆ የሚገዛም ሆነ ነግሮ የሚሸጥ ግን እምብዛም አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ተለይቶ ካልተጻፈ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በደንብ ካልተለየ ሁለት ዓይነት ኪሳራ ያመጣል። አንዱ ባትሪ ብቻ ቢቀየርለት ሁለት ዓመት የሚያገለግል ስልክ «አርጅቷል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ መጣሉ ነው። ሌላው ድጋፉ ያለቀ፣ መተግበሪያዎች አንድ በአንድ እየከዱት ያለ ስልክ ላይ ስክሪን እያስቀየሩ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ እርጅናውን ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የትኛው በጥገና ቤት ይፈታል፣ የትኛው በባለቤቱ እጅ ይፈታል፣ የትኛው ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ አይፈታም?

ሦስት ዓይነት አፕዴት

የመጀመሪያው ትልቁ ነው፤ አንድሮይድ 13 የነበረው ወደ 14 ሲሸጋገር ማለት ነው። አዲስ መልክና አዲስ አገልግሎት ያመጣል፤ ባይመጣ ግን ስልኩ ወዲያው አይሞትም። ሁለተኛው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ጉግል ይህን በየወሩ ማውጣት የጀመረው በነሐሴ 2015፣ ስቴጅፍራይት የተባለው ቀዳዳ ከታወቀ በኋላ ነው። በዚያ ቀዳዳ በኤምኤምኤስ የተላከ የቪዲዮ ፋይል ባለቤቱ ሳይከፍተው እንኳ ስልኩን ለአጥቂው አሳልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር። ሦስተኛው በፕሌይ ስቶር በኩል የሚመጣው የየመተግበሪያው አፕዴት ነው፤ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ክሮም፣ እንዲሁም ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው።

የሁለተኛው መቋረጥ ድምፅ የለውም፤ ስልኩ ትናንት እንደሠራ ዛሬም ይሠራል። ተጠቃሚው ችግሩን የሚያየው ሦስተኛው ሲቆም ነው። ብዙ መተግበሪያዎች የሚደገፉበት ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ አንድሮይድ 4.4ን በነሐሴ 2023 ትቶታል። ዋትስአፕ በ2025 መጀመሪያ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ያሉትን ተወ፤ በአይፎን በኩል ደግሞ በዚያው ዓመት አይኦኤስ 15.1ን ዝቅተኛ ወሰን አድርጓል። በዚህ የተነሳ በ2014 የወጣው አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 ስለማያልፍ ከጨዋታ ሲወጣ፣ በዓመት ብቻ የሚያንሰው አይፎን 6ኤስ አይኦኤስ 15 ስለሚደርስ ተርፏል። ያገለገለ አይፎን ሲገዛ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንታ መሆናቸውን ማሰብ ደግ ነው።

የዌብቪው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ የባንክና የክፍያ መተግበሪያዎች አንዳንድ ገጾቻቸውን የሚያሳዩት በራሳቸው ሳይሆን በዚህ የውስጥ ማሰሻ በኩል ነው። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር ብቻውን ይታደሳል፤ ከአንድሮይድ 7 እስከ 9 ባሉት ስልኮች ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ራሱ ክሮም ነው። ክሮም 138 አንድሮይድ 8ንና 9ን የሚቀበል የመጨረሻው ነበር፤ በነሐሴ 2025 የወጣው 139 አንድሮይድ 10ና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በ2017 የወጣውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8 እንውሰድ። ስክሪኑ፣ ካሜራውና ፕሮሰሰሩ ዛሬም ብዙ ርካሽ አዳዲስ ስልኮችን ያስንቃል፤ ነገር ግን ኩባንያው አንድሮይድ 9 ላይ ስላቆመው ማሰሻውም የውስጥ ማሰሻውም እዚያው ቀርተዋል። ዕቃው ሳይበላሽ የተቋረጠ ስልክ ማለት ይህ ነው።

የራስን ስልክ ለመመርመር ሴቲንግስ ገብቶ አባውት ፎን የሚለውን መክፈት ነው፤ በሳምሰንግ ላይ ከዚያ ውስጥ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን የሚል አለ። እዚያ ከአንድሮይድ ቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት ሴኩሪቲ ፓች የሚለው ቀን ነው። ቀኑ ከ6 ወር ያነሰ ከሆነ ስልኩ በሕይወት አለ። ከዓመት በላይ ከሆነ፣ አፕዴት ፈልግ ሲባልም «ስልክዎ የመጨረሻውን ይዟል» የሚል መልስ ከሰጠ ድጋፉ አብቅቷል ማለት ነው። ያ መልስ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ «የመጨረሻውን ይዟል» ማለት «ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

ድጋፉ ለምን ይቆማል?

አንድሮይድን ጉግል ይጽፈዋል፤ ስልኩ ላይ እስኪደርስ ግን በብዙ እጅ ያልፋል። ፕሮሰሰሩን የሠራው ኩባንያ፣ ኳልኮም ወይም ሚዲያቴክ ወይም ዩኒሶክ፣ ለዚያ ቺፕ የሚሆኑትን ድራይቨሮች፣ ማለትም ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞችን፣ ያዘጋጃል። ስልክ አምራቹ ተቀብሎ ከራሱ ገጽታና መተግበሪያዎች ጋር ያዋህዳል። ከዚያ የጉግልን ፈተና ያልፋል። ይህ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለየብቻ ይደገማል፤ በዓመት በርካታ ሞዴል የሚያወጣ ኩባንያ ሥራው ምን ያህል እንደሚበዛበት መገመት አይከብድም። ቺፕ ሠሪው ካቆመ ደግሞ ስልክ አምራቹ ቢፈልግ እንኳ መንገዱ ዳገት ነው።

ዳገት ቢሆንም የሚወጣ መሆኑን ያሳየ አለ። ፌርፎን የተባለው አነስተኛ የሆላንድ ኩባንያ በ2015 ያወጣውን ፌርፎን 2 እስከ መጋቢት 2023 ሲደግፍ ቆይቶ አንድሮይድ 10 ላይ አድርሶታል፤ ኳልኮም ለዚያ ቺፕ ያለውን ድጋፍ ያቆመው ግን አንድሮይድ 6 ላይ ነበር። ጉግልም በ2017 በአንድሮይድ 8 ቺፕ ነኩን ክፍል ከቀረው ሲስተም ለየ፤ በ2019 በአንድሮይድ 10 ደግሞ አንዳንድ የውስጥ ክፍሎች አምራቹን ሳይጠብቁ በቀጥታ ከጉግል እንዲታደሱ አደረገ። ሴቲንግስ ውስጥ «ጉግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት» የሚለው መስመር ይህ ነው፤ አምራቹ ፊቱን ባዞረ ስልክ ላይ እንኳ አንዳንዴ አዲስ ነገር ይገኝበታልና አልፎ አልፎ መንካት አይከፋም።

ይህን ሁሉ ሴራ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። በእኛ ግምት አብዛኛው በዋጋው ውስጥ አስቀድሞ የተሰላ ቸልታ ነው፤ ርካሽ ስልክ ላይ ያለው ትርፍ ቀጭን ስለሆነ ከሽያጭ በኋላ የሚወጣ ወጪ ከሒሳቡ ይሰረዛል። ሆኖም ይህ ማመካኛም እየሳሳ ነው። ጉግል በጥቅምት 2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በጥር 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ድጋፍ ቃል ገቡ፤ እነዚህ ውድ ናቸው ይባል። ነገር ግን ሳምሰንግ በ2024 መጨረሻ ያወጣው ጋላክሲ ኤ16 ከርካሾቹ ተራ ሆኖ የ6 ዓመት ድጋፍ ተገብቶለታል። በርካሽ ዋጋ ረጅም ድጋፍ አይቻልም የሚሉት ሌሎች አምራቾች ለዚህ መልስ የላቸውም።

ጫናው የመጣው በብዛት ከአውሮፓ ነው። ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሲስተም አፕዴት የመጨረሻው ስልክ ለገበያ ከቀረበበት ቀን አንስቶ ቢያንስ ለ5 ዓመት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። መለዋወጫ ለ7 ዓመት እንዲገኝ፣ ባትሪውም 800 ጊዜ ተሞልቶ ከመነሻ አቅሙ 80 በመቶ እንዲይዝ ይላል። ልብ ሊባል የሚገባው ቆጠራው ነው፤ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ሽያጩ ካበቃበት ቀን ይጀምራል። ዘግይቶ ለሚገዛ ሰው፣ ማለትም ለእኛ ዓይነቱ ገበያ፣ ከዓመቱ ብዛት ይልቅ ይህ አንቀጽ ይበልጥ ዋጋ አለው። ደንቡ እዚህ አያስገድድም፤ ሆኖም አንድ ሞዴል ለአውሮፓም ለአፍሪካም ተመሳሳይ ሆኖ ሲሠራ አፕዴቱ አብሮ የመድረስ ዕድል አለው። ለአፍሪካ ገበያ ብቻ የሚሠሩት ሞዴሎች ግን ከዚህ በረከት አይቋደሱም።

ሆን ተብሎ ሲደረግ፣ እና የባትሪው ነገር

በሰነድ የተረጋገጠው ትልቁ ጉዳይ የአፕል ነው። ኩባንያው በ2017 መጀመሪያ ባወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ባትሪያቸው የደከመ አይፎን 6፣ 6ኤስ እና ኤስኢ ስልኮችን ፍጥነት ዝቅ አደረገ፤ በኋላ አይፎን 7 ተጨመረ። ለተጠቃሚው በግልጽ አልነገረም፤ ያመነው በታኅሣሥ 2017 ነው። ከዚያ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። ጣልያን በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሳምሰንግንም በሌላ የአፕዴት ጉዳይ 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። ፈረንሳይ በ2020 አፕልን 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለች። ፈረንሳይ በ2015 ባወጣችው ሕግ የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠር ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት እስርና 300 ሺህ ዩሮ ያስቀጣል።

የአፕል መከላከያ ግን ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ለሰሜን ሸዋ ደጋም ይህ ጎኑ ይጠቅማል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል ከመቀነሱ በላይ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል። ካሜራ ሲከፈት ወይም ኔትወርክ ርቆ አንቴናው ሲጮህ ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ተቃውሞው የበዛ ባትሪ ቮልቴጁ ይወድቅና ስልኩ 30 በመቶ እያለው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ብርድ ደግሞ ተቃውሞውን የበለጠ ይጨምረዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንዝ ከዚያም ይብሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» በሚያሰኘው ወቅት፣ ውርጩ እርሻ በሚያነጣበት ማለዳ፣ ኔትወርክ በራቀበት ገደል አፋፍ የቆመ ባትሪው ያረጀ ስልክ ሦስቱንም ችግር በአንድ ላይ ያገኛል። አዲስ ባትሪ ይቋቋመዋል፤ 500 ጊዜ የተሞላ ባትሪ አይችለውም።

ምርመራው ቀላል ነው። ስልኩ ከ20 እስከ 40 በመቶ ላይ ከጠፋ፣ ቻርጀር ሲሰካበትም ያንኑ መቶኛ እያሳየ ከተነሳ ጥፋቱ የባትሪ ነው፤ ፎርማት ማድረግ አያድነውም። ቻርጀር ላይ ተሰክቶም እያለ የሚጎተት ከሆነ ግን ባትሪውን መንካት አያስፈልግም፤ ችግሩ ማከማቻው ወይም ሶፍትዌሩ ነው። በአይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ባትሪ፣ ባትሪ ሄልዝ ሲከፈት ከ80 በመቶ በታች ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል።

በብርድ ወራት ስልክን ከጋቢ ወይም ከበርኖስ ሥር በደረት ኪስ መያዝ ጥቂት የሚመስል ብዙ የሚያድን ነገር ነው። ውርጭ ውስጥ ያደረ ስልክ ሳይሞቅ ቻርጀር ላይ መሰካት የለበትም፤ ከ0 ዲግሪ በታች መሙላት ሊቲየሙን በባትሪው ውስጥ በብረትነት ያስቀምጠዋል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። ጣርማበርን ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ሲወረድ ችግሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ባትሪን የሚበላው ሙቀት ነው። በሶላር የሚሞሉ ሰዎች ስልኩን ከፓነሉ ጋር ፀሐይ ላይ ማስቀመጣቸው የተለመደ ስህተት ነው። ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ የሚሞላ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ሊያብጥም ይችላል። ፓነሉ ቀን ፓወር ባንክ ይሙላ፤ ስልኩ ማታ ከፓወር ባንኩ ይሙላ።

ባትሪ ሲቀየር አሮጌውንና አዲሱን በእጅ መመዘን ጥሩ ማጭበርበሪያ ማወቂያ ነው። 5,000 ሚሊአምፒር ተጽፎበት ከአሮጌው በግልጽ የቀለለ ባትሪ የተጻፈበትን አይዝም። ከመፈታቱ በፊት ባትሪው ከ25 በመቶ በታች ይውረድ፤ ቢወጋ እንኳ እሳቱ ያነሰ ይሆናል። የተጣበቀውን በብረት ጠመንጃ መፍቻ መፈንቀል አደጋ ነው፤ በፕላስቲክ ካርድና በጥቂት አልኮል ይለቃል። አብጦ ስክሪኑን ያነሳ ባትሪ መጫንም መብሳትም የለበትም።

ከ2018ቱ አይፎን ኤክስኤስና ኤክስአር ወዲህ ባሉት አይፎኖች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ባትሪው በመለያ ቁጥሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተቆራኘ ከሌላ ስልክ የተነቀለ ኦሪጅናል ባትሪ ቢገባ እንኳ ስልኩ «ያልታወቀ ክፍል» ብሎ የባትሪ ሄልዙን ሊደብቅ ይችላል። ስልኩ ግን ይሠራል። የአሜሪካዋ ኦሬጎን ግዛት ይህን ዓይነቱን ቁርኝት በ2024 በሕግ ከልክላለች፤ ሕጉ ግን የሚመለከተው ከ2025 ወዲህ የሚሸጡ ዕቃዎችን ነው።

የዘመን አቆጣጠር የሚያመጣው «እርጅና»

አሮጌ ስልክ ላይ ድረ ገጽ ሲከፈት «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ሰው ስልኩ አለቀለት ይላል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የእውነት እርጅና፣ ሁለተኛው የሰዓት ስህተት።

የእውነቱ እንዲህ ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩት በዲጂታል ምስክር ወረቀት ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚያምናቸውን ፈራሚዎች ዝርዝር በሲስተሙ ውስጥ ይዟል። ሲስተሙ ካልታደሰ ዝርዝሩም አይታደስም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ነጻ ሰጪ፣ አዲሱን ዋና ፊርማውን ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት ያሉ ስልኮች አያውቁትም። ድርጅቱ በልዩ ዘዴ አቆይቷቸው ነበር፤ ያም በመስከረም 2024 አበቃ። በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ፋየርፎክስ የተሻለ ነው፤ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ የሲስተሙን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ግን በእኛ አገር በተለይ የሚታይ ነው። ባትሪው ሙሉ በሙሉ አልቆ የቆየ ስልክ ቀኑን ይረሳል፤ ባለቤቱ ሲያስተካክል ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባል። ስልኩ ከ7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ድረ ገጹ ያቀረበው ምስክር ወረቀት በስልኩ ዓይን «ገና ያልተሰጠ» ይሆንና ይጣላል፤ ዋትስአፕም ቀኑ ተሳስቷል ብሎ አልከፍትም ይላል። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ማስገባትም የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየሩ የማረጋገጫ ኮዶች በዚህ ምክንያት «ስህተት» ይባላሉ። መፍትሔው ሴቲንግስ ውስጥ ዴት ኤንድ ታይም ገብቶ አውቶማቲክ የሚለውን ማብራት፣ የሰዓት ክልሉም ጂኤምቲ +3 መሆኑን ማየት ነው። ፎርማት ሊደረግ ጥገና ቤት የሄደ ስልክ በዚህ ብቻ ሊድን ይችላል። የኢትዮጵያን ቀን ማየት የሚፈልግ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ይጫን፤ የሲስተሙን ሰዓት አይንካ።

ማከማቻና ኢንተርኔት

16 ወይም 32 ጊጋባይት ያለው ስልክ ሲሞላ መጎተቱ የታወቀ ነው። የስልክ ማከማቻ አዲስ መረጃ ሲጽፍ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ያለውን እያዘዋወረ ስለሚጽፍ ሁሉ ነገር ይዘገያል፣ መሣሪያውም ቶሎ ያልቃል። ከጠቅላላው 15 በመቶ ያህል ባዶ ይሁን። ትልቁ በላተኛ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው፤ ሴቲንግስ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ውስጥ ካሹን (ታይቶ የተቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል) አጥፍቶ «ኪፕ ሚዲያ» የሚለውን ወደ ጥቂት ቀን ወይም 1 ሳምንት ማውረድ ይበቃዋል። ፋይሉ ከቴሌግራም ሰርቨር አይጠፋም፤ ሲፈለግ እንደገና ይወርዳል።

ድጋፍ ያለው ስልክም ቢሆን አፕዴቱ ካልወረደለት ድጋፍ እንደሌለው ነው። በአማራ ክልል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ ብዙ ስልኮችን ወራት ወደኋላ ጥሏቸዋል። ትልቅ የሲስተም አፕዴት ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል በፓኬጅ ማውረድ ይከብዳል። ዋይፋይ በተገኘ ቀን ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያ የደኅንነት ማሻሻያው፣ ቀጥሎ ክሮምና ዌብቪው፣ ቀጥሎ የገንዘብ መተግበሪያዎች፣ የቀረው ቢቀር ይቅር። ሲስተም ሲታደስ ባትሪው ከ50 በመቶ በላይ ይሁን። አዳዲሶቹ ስልኮች አፕዴቱን በሌላ ክፍል ጽፈው ካልሠራ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ፤ አሮጌዎቹ ግን መሃል ላይ ከጠፉ ላይነሱ ይችላሉ።

ፍላሽ ሲደረግ የሚበላሸው

ድጋፉ ያለቀ ስልክ ፍላሽ ይደረግ፣ ማለትም «አዲስ አንድሮይድ ይጫንበት» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየት የመጣ የሚለው ነው። የአምራቹ የራሱ ፋይል ከሆነ ስልኩን ከመጨረሻው አፕዴቱ አያሳልፈውም፤ የተበላሸን ያስተካክላል እንጂ ዕድሜ አይጨምርም። በሚዲያቴክ ቺፕ በሚሠሩት ስልኮች ላይ ኤስፒ ፍላሽ ቱል የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሦስት ምርጫ ይሰጣል። «ፎርማት ኦል» የሚለው የስልኩን አይኤምኢአይ (መለያ) ቁጥርና የኔትወርክ ማስተካከያ የያዘውን ክፍል ጭምር ይሰርዛል፤ ስልኩ ይነሳል፣ ነገር ግን ሲም ካርድ ላይ መሥራት ያቆማል። «ዳውንሎድ ኦንሊ» መምረጥ፣ ከዚያም በፊት ያንን ክፍል ባክአፕ መያዝ ይገባል። ስልኩን ለጥገና የሚሰጥ ሰው *#06# ደውሎ ቁጥሩን ጽፎ ይያዝ፤ ሲረከብም ያመሳክር። በስም አንድ ሆነው በቦርድ የሚለያዩ ሞዴሎች ስላሉ የተሳሳተ ፋይል የገባበት ስልክ ንክኪው ላይሠራ ወይም ስክሪኑ ነጭ ሊሆን ይችላል።

በሳምሰንግ ላይ ኦዲን የተባለውን ፍላሽ ማድረጊያ ሲጠቀሙ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለው ፋይል የባለቤቱን ፎቶና ስልክ ቁጥር ሳያጠፋ ያቆያል፤ ተራው «ሲኤስሲ» ሁሉን ያጠፋል። ወደ ቀድሞ አንድሮይድ መመለስ የሚፈልግ ደግሞ የሶፍትዌሩን መለያ ከመጨረሻው ወደኋላ 5ኛውን ምልክት ይይ፤ የሚጫነው ፋይል ላይ ያለው ከስልኩ ካነሰ አይገባም።

ሌላው መንገድ ሊኒየጅኦኤስን የመሰለ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ሲስተም መጫን ነው። ኩባንያ የተወውን ስልክ ዓመታት ሊያስቀጥል ይችላል፤ ነገር ግን ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስነሳው ቁልፍ ያለው ፕሮግራም፣ መከፈት አለበት፣ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎችም በተከፈተ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ። ለገበያችን ርካሽ ሞዴሎች የተዘጋጀ ማግኘትም ብርቅ ነው። ሥራው ለሚያውቅ ይጠቅማል፤ ለሌላው አንመክርም።

ገንዘብ ያለበት ስልክ

የደኅንነት ማሻሻያው ከዓመት በላይ የቆየበት ስልክ ላይ ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ ባይኖር ይሻላል። ይህ ማለት አገልግሎቱን ማጣት አይደለም። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ*889# በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። ገንዘብ የተያያዘበትን ሲም በባለ ቁልፍ ስልክ አድርጎ አሮጌውን ስማርት ስልክ ለንባብ፣ ለሬዲዮ፣ ለፎቶ፣ ለልጆች ትምህርት ማዋል ለብዙ ቤተሰብ አዲስ ስልክ ከመግዛት የቀደመ መፍትሔ ነው።

አሮጌ ስልክ ላይ ትልቁ የጥቃት በር ግን የሲስተሙ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ፕሌይ ስቶር «ለስልክዎ አይሆንም» ሲል ሰው የኤፒኬ ፋይል (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን መተግበሪያ) ከቴሌግራም ቻናል ያወርዳል። እንዲህ የመጣ መተግበሪያ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ፈቃድ ከጠየቀ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ያ ፈቃድ ስክሪን ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ያነባል፣ የሚስጥር ቁጥርን ጨምሮ።

ከመግዛት በፊት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። የሶፍትዌር ድጋፍ የሚያበቃበት ቀን ከዚህ መረጃ ውስጥ መቆጠር አለበት ብለን እናምናለን፤ የምግብ ማሸጊያ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜ እንደሚጻፈው ማለት ነው። እስከዚያው ሥራው የገዢው ነው። የሞዴሉን ሙሉ ስም ከካርቶኑ ላይ አንብቦ በኢንተርኔት የወጣበትን ወር መፈለግ፣ አምራቹ ስንት ዓመት እንደገባለት ማየት፣ ያለፈውን መቀነስ። ቅሪቱ ከ2 ዓመት ካነሰ ዋጋውም በዚያው ልክ ማነስ አለበት፤ መከራከሪያ ይሆናል። ስልኩ ሲከፈት ሴኩሪቲ ፓች የሚለውን ቀን ሱቁ ውስጥ እንደቆሙ ማየት ይቻላል። ከ2 ጊጋባይት በታች ራም ያለው አንድሮይድ፣ ዛሬ አዲስ ሆኖ ቢሸጥም፣ አይገዛ።

ያገለገለ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ሃርድ ሪሴት የተደረገ ስልክ የቀድሞውን ባለቤት ጂሜይል ይጠይቃል። በየከተማው ሱቅ ጂሜይል የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ባለ ሱቁ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፤ ስልኩ ከተሸጠ በኋላ ማንም ሊከፍተው አይችልም። ሻጩ ፊት ለፊት እያለ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ገብቶ ጂሜይሉን ያስወጣ፣ በአይፎን ከሆነ አይክላውዱን ይውጣ፤ ከዚያ ከሴቲንግስ ውስጥ ሪሴት ይደረግ፣ እንደገና ተነስቶ የቀድሞ አካውንት አለመጠየቁ ይታይ። ገንዘብ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።